በ፣ ላይ፣ እስከ፦ ተማሪዎች «ኢን»፣ «ኦን» እና «አት»ን የሚያምታቱት ከየት ተነስተው ነው?

ሰኞ ገበያ፦
ሰላም ጀመዓው። ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ የምታስተምሩ ሁሉ እስቲ መላ በሉኝ። የመስተዋድዱን ሰንጠረዥ ተማሪዎቹ ሳይደናቀፉ ይወጡታል። ለወርና ለዓመት «ኢን»፣ ለቀን «ኦን»፣ ለሰዓት «አት»። ባዶ ቦታ ሙሉ ሲባሉ ከአሥሩ ዘጠኙን ያገኛሉ። አንቀጽ ጻፉ ሲባሉ ግን የተማሩት ሁሉ የለም። ከቀረቡት አንዱን ሁሉም እንዲያነበው በእኛ ፊደል ገልብጬዋለሁ፦

«ደሴ ኢዝ ፋውንድ አት ኖርዝ ኦፍ ኢትዮጵያ። አይ ሊቭ ኢን ደሴ ሲንስ ፋይቭ ይርስ። ማይ ስኩል ኢዝ ኢን ፍሮንት ኦፍ ዘ ባንክ። ኢን ላስት ሰንደይ ዊ ዌንት ቱ ሐይቅ ዊዝ ባስ። ዊ አራይቭድ ቱ ዘ ሌክ ኢን ፎር ኦክሎክ። ዌን ዊ ካም ባክ፣ አወር ቲቸር ቶልድ አስ ቱ ራይት ኤ ሪፖርት አንቲል ፍራይደይ።»

ባንኩ ያለው ከትምህርት ቤቱ መንገድ ተሻግሮ ነው። ሐይቅ የደረሱትም ረፋድ 4 ሰዓት ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ስህተቶቹ የሚመጡት ከየት ነው? ከሰንጠረዡ ሌላ ምን ይዤ ልግባ?

የጦሳ ግርጌ፦
እህቴ፣ ሰንጠረዡ ስህተት የለበትም። ጉድለቱ ከእንግሊዝኛው መጀመሩ ነው። ልጁ ሲጽፍ የሚነሳው ከአማርኛ ነው። መጀመሪያ «በ» ይመጣለታል፤ ከዚያ ለ«በ» የሚሆን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይፈልጋል፤ ቀድሞ የተዋወቀው «ኢን» ስለሆነ እሱን ያስቀምጣል። ሰንጠረዡ ደግሞ «በ»ን ስትተረጉም ምን ታደርጋለህ የሚለውን አይነግረውም።

«በ» ምን ያህል ሥራ እንደምትሠራ እዩ። በደሴ፣ በሰኞ፣ በ2 ሰዓት፣ በአውቶቡስ፣ በእስክሪብቶ፣ በመስኮት ገባ። በአማርኛ አንድ ፊደል ናት። በእንግሊዝኛ በቅደም ተከተል «ኢን ደሴ»፣ «ኦን መንደይ»፣ «አት ኤይት ኦክሎክ»፣ «ባይ ባስ»፣ «ዊዝ ኤ ፔን»፣ «ስሩ ዘ ዊንዶው» ይሆናሉ። ስድስት ቦታ ስድስት ቃል። «ዊዝ ባስ» የሚለው ስህተት የተወለደው እዚህ ነው፦ በእስክሪብቶ መጻፍና በአውቶቡስ መሄድ ለአማርኛ አንድ ዓይነት ናቸው። እንግሊዝኛ ግን በእጅ የሚያዘውን መሣሪያ «ዊዝ»፣ የጉዞውን ዓይነት «ባይ» ይለዋል። «ባይ» ስትገባ ደግሞ ከስሙ በፊት «ኤ»ም «ዘ»ም አይገባም። በእግር ሲሆን «ኦን ፉት» ነው።

ወደ «ኢን ላስት ሰንደይ» ስንመጣ፣ ይህ ከስህተቶቹ ሁሉ በጣም ተደጋጋሚውና ለማረም በጣም ቀላሉ ነው። አማርኛ «ባለፈው እሁድ»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት»፣ «በዚህ ወር»፣ «በየቀኑ» ይላል፤ አራቱም ላይ «በ» አለች። እንግሊዝኛ «ላስት»፣ «ኔክስት»፣ «ዚስ» እና «ኤቭሪ» ከፊት ሲመጡ የጊዜውን መስተዋድድ ጨርሶ ያነሳዋል፦ «ላስት ሰንደይ»፣ «ኔክስት ዊክ»፣ «ዚስ መንዝ»፣ «ኤቭሪ ዴይ»። «የስተርደይ» እና «ቱሞሮው»ም እንደዚሁ ብቻቸውን ይቆማሉ።

አሁን ባዶ ቦታ ሙሉ ላይ ለምን እንደማይሳሳቱ ይገባሻል። ባዶ ቦታው ራሱ «እዚህ መስተዋድድ ያስፈልጋል» ብሎ ነግሯቸዋል። ምንም የማያስፈልግበትን ቦታ የሚፈትን ጥያቄ አልመጣላቸውም። ስለዚህ ፈተናሽን ቀይሪው፤ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ስጪና ያስተርጉሙ።

ሐረጎ፦
የጦሳ ግርጌ «በ»ን ስላነሳ እኔ «ላይ»ን ልያዝ። እንደ እኔ ከ«በ» የባሰች ወጥመድ ናት፤ ምክንያቱም ተማሪው «ላይ» ማለት «ኦን» ነው ብሎ እርግጠኛ ነው፣ አይጠራጠርም።

አንድ በር ይዘን እንይ። «ማስታወቂያው በሩ ላይ ነው» እና «ተማሪው በሩ ላይ ነው»። በአማርኛ ልዩነት የላቸውም። ወረቀቱ ግን ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል፤ የበሩን ገጽ ይነካል፤ ስለዚህ «ኦን ዘ ዶር»። ልጁ እንጨቱ ላይ አልተለጠፈም፤ በሩ እሱ የቆመበትን ቦታ የሚያመለክት ነጥብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «አት ዘ ዶር»። ሦስተኛ እንጨምር፦ «በሩ ላይ ቀዳዳ አለ»። ቀዳዳው ከእንጨቱ ውስጥ የተቦረቦረ ነው፤ ስለዚህ «ኢን ዘ ዶር»። አንድ በር፣ አንድ «ላይ»፣ ሦስት መልስ። ክፍል ውስጥ በሩን ራሱን ተጠቀሙበት፤ ወረቀት ለጥፉ፣ አንድ ልጅ አቁሙ፣ የቁልፉን ቀዳዳ አሳዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ከሰንጠረዥም በላይ ይያዛል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው አንድ ነው፦ ቦታው ለዚህ ዓረፍተ ነገር ምኑ ነው? ነጥብ ከሆነ «አት»፣ ገጽ ወይም መስመር ከሆነ «ኦን»፣ ዙሪያ ያለው ክልል ከሆነ «ኢን»።

«ላይ» እያልን «ኦን» የማይሆኑትን ሰብስቤ ላስቀምጥ። ሥዕሉ ላይ «ኢን ዘ ፒክቸር»፣ ጋዜጣ ላይ «ኢን ዘ ኒውስፔፐር»፣ ሰማይ ላይ «ኢን ዘ ስካይ»፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ «ኢን ዘ ሰን»፣ ሰርግ ላይ «አት ኤ ዌዲንግ»፣ ሥራ ላይ «አት ዎርክ»። ገጽ 12 ላይ ግን «ኦን ፔጅ 12» ነው፤ መስመር 5 ላይ ሲሆን ተመልሶ «ኢን ላይን 5» ይሆናል። ምንባብ ላይ መልስ ሲጽፉ እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚመጡ በደንብ ይለዩ።

ዛፍ ላይ ያለች ወፍ «ኢን ዘ ትሪ» ናት፤ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ይከባታል። ዛፍ ላይ ያለ ፍሬ ግን «ኦን ዘ ትሪ» ነው፤ ከዛፉ ጋር ተያይዞ የበቀለ ነውና።

ገራዶ፦
ሐረጎ፣ ማብራሪያህ ግሩም ነው፤ አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ለከተማ ሁሌም «ኢን» ነው ተብሎ ተምረናል። ከላይ «ነጥብ ከሆነ አት» ስትል ልጆቹ «አይ ሊቭ አት ደሴ» ብለው ይጽፉብሃል። ይህን በር መክፈት ባያስፈልግስ?

ሐረጎ፦
ስጋትህ ይገባኛል፤ ለመኖሪያ «ኢን ደሴ» እንጂ ሌላ የለም፤ ይህ አያከራክርም። ግን «ሁሌም» ካልናቸው አንድ ቀን ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር አይተው ስህተት ነው ይላሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ወልዲያ የሚሄድ አውቶቡስ አስብ። «ዘ ባስ ስቶፕስ አት ኮምቦልቻ» ትክክል ነው። ለዚያ አውቶቡስ ኮምቦልቻ ሰው የሚኖርባት፣ ወንዝ የሚያቋርጣት ከተማ ሳትሆን በመስመሩ ላይ ያለች አንዲት ማረፊያ ነጥብ ናት። ሰውዬው እዚያ ወርዶ ቤት ከተከራየ «ሂ ሊቭስ ኢን ኮምቦልቻ» ይሆናል። ከተማዋ አልተለወጠችም፤ የምናይበት ርቀት ነው የተለወጠው።

«አራይቭ»ም በዚሁ ይፈታል። «አራይቭ ቱ» የሚባል የለም፤ ስህተቱ የመጣው ከ«ወደ» ነው። ለከተማና ለአገር «አራይቭ ኢን ደሴ»፣ ለተወሰነ ቦታ «አራይቭ አት ዘ ሌክ»፣ «አራይቭ አት ኮምቦልቻ ኤርፖርት»። «ሪች» ደግሞ ምንም አይፈልግም፦ «ዊ ሪችድ ዘ ሌክ»።

ገራዶ፦
የአውቶቡሱ ምሳሌ አሳምኖኛል። እንግዲያው 9ኛ ክፍል ላይ «ኢን» ብቻ፣ 11ኛ ላይ ማረፊያውን መጨመር ይሻላል፤ በአንድ ቀን ሁለቱን አንጫንባቸው።

ቦርከና፦
እኔ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ሰነድና የደንበኛ ደብዳቤ ላይ ነው የምሠራው፤ ስለ ፈተና ሳይሆን ስለ ሥራ ልናገር። እዚህ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው መስተዋድድ «እስከ» ነው።

«እቃው እስከ ዓርብ ይዘጋጃል» ለማለት «ዘ ጉድስ ዊል ቢ ሬዲ አንቲል ፍራይደይ» ተብሎ ይጻፋል። ውጭ ያለው ገዢ የሚያነበው «እቃው እስከ ዓርብ ዝግጁ ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ የለም» ብሎ ነው። መባል የነበረበት «ባይ ፍራይደይ» ነው። አማርኛው «እስከ» ሁለቱንም ይሸከማል፤ የሚቆይ ነገርንም፣ አንዴ ተፈጽሞ የሚያበቃ ነገርንም።

መለያው እዚሁ አማርኛ ውስጥ አለ። «እስከ ዓርብ»ን አንሱና «ዓርብ ሳያልፍ» በሉ። «ሪፖርቱን ዓርብ ሳያልፍ አስገቡ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ባይ»። «ዓርብ ሳያልፍ እንጠብቃችኋለን» አያስኬድም፤ ስለዚህ «አንቲል»፦ «ዊ ዊል ዌይት አንቲል ፍራይደይ»። አሉታ ሲመጣ ጥንቃቄ፦ «ቢሮው እስከ ሰኞ አይከፈትም» «ዘ ኦፊስ ዊል ኖት ኦፕን አንቲል መንደይ» ነው፤ ሰኞ ይከፈታል ማለት ነው። እዚህ «ባይ» ከገባ ሰኞም ላይከፈት ይችላል።

ሁለተኛው «ከ3 ቀን በኋላ» ነው። ከዛሬ ተነስተን የምንቆጥር ከሆነ «ኢን ትሪ ዴይስ» እንጂ «አፍተር ትሪ ዴይስ» አይደለም። «አፍተር» የሚመቸው ያለፈ ነገር ስንተርክ ነው፦ ማሽኑ ቆመ፣ ከ3 ቀን በኋላ ተጠገነ። «በ3 ቀን ውስጥ» ማለትም ነገም ተነገ ወዲያም ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱ ቀን ግን አያልፍም ለማለት «ዊዚን ትሪ ዴይስ» ጻፉ። ውል ላይ «ኢን» እና «ዊዚን» መቀያየር የለባቸውም፤ «ኢን ትሪ ዴይስ» ያለውን ሰው በሁለተኛው ቀን ለምን አላደረስክም ማለት አይቻልም፣ «ዊዚን» ያለውን ግን በአራተኛው ቀን መጠየቅ ይቻላል።

ሦስተኛው «ከ3 ቀን በፊት ልከናል»። «ቢፎር ትሪ ዴይስ» የሚለውን በየደብዳቤው ታገኙታላችሁ። ትክክሉ «ዊ ሴንት ኢት ትሪ ዴይስ አጎ» ነው፤ «አጎ» ከቁጥሩ ኋላ ትቀመጣለች፣ ግሱም ያለፈ ጊዜ ይሆናል፣ «ሃቭ ሴንት» አይባልም።

ቧንቧ ውሃ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ለተማሪም የሚገባ ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ «በ2 ሰዓት ደረሰ» የሚለውን እንዴት ነው የምተረጉመው? አንዱ መምህር «አት»፣ ሌላው «ኢን» ነው ይላሉ።

የጦሳ ግርጌ፦
አብሽር፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሁለት ትርጉም አለው። በቦርከና ዘዴ መጀመሪያ አማርኛውን ለየው። «በ2 ሰዓት ላይ ደረሰ» ማለትህ ከሆነ የሰዓቱን ነጥብ ነው የምትጠራው፤ «አት»። «በ2 ሰዓት ውስጥ ደረሰ» ማለትህ ከሆነ የፈጀበትን ርዝመት ነው፤ «ኢን ቱ አወርስ»።

«አት» ስትል ቁጥሩም እንደሚቀየር አትርሳ። የእኛ ሰዓት ከንጋት ይቆጠራል፤ እንግሊዝኛው ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ነው፤ ልዩነቱ 6 ነው። ጠዋት 2 ሰዓት «አት ኤይት ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው። ርዝመቱ ግን አይቀየርም፤ 2 ሰዓት የፈጀ ጉዞ በየትኛውም አቆጣጠር «ቱ አወርስ» ነው። ከላይ ያለው ልጅ ሐይቅ የደረሰው ረፋድ 4 ሰዓት ስለሆነ «አት ቴን ኦክሎክ» ማለት ነበረበት። መስተዋድዱን ብቻ አርመን «አት ፎር ኦክሎክ» ብንተውለት አንባቢው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አድርጎ ይረዳዋል።

ሌሊት ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ እንበል። እኛ ሌሊት የምንለውን እንግሊዝኛ «ፎር ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይለዋል። «አት ናይት» በሰዓት ቁጥር ላይ የሚጨመረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት «ቴን አት ናይት»፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ግን «ሰቨን ኢን ዘ ኢቭኒንግ»። ቀኑም ይለወጣል። ሰኞ ማታ ተኝተን ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የምንነሳ ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ እኩለ ሌሊት ስላለፈ ማክሰኞ ሆኗል፦ «አት ፎር ኢን ዘ ሞርኒንግ ኦን ቱስደይ»። «ኦን መንደይ ናይት» ብለህ ከጻፍክ እንግዳው ሰኞ ምሽት መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቃል።

እግረ መንገዴን፦ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው፣ የቀን ስም ከተጨመረ ግን «ኦን መንደይ ሞርኒንግ» ይሆናል። ቀኑ ከገባ «ኦን» ያሸንፋል። በዓላትም በዚሁ ይሄዳሉ። ረመዳን ወር ስለሆነ «ኢን ረመዳን» ወይም «ዱሪንግ ረመዳን»፤ ኢድ ሲሆን ቀኑን ከጠራን «ኦን ኢድ»። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ቢሆንም ወር ነው፤ «ኢን ጳጉሜን»፣ ከቀን ጋር «ኦን ጳጉሜን 3»።

ቦርከና፦
ዓመት ላይም አንድ ነገር ልጨምር። «ኢን 2009» ብላችሁ ያለ ማብራሪያ ከጻፋችሁ የውጭ አንባቢ በራሱ አቆጣጠር ነው የሚወስደው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ተመረቀ፤ ለእነሱ «ኢን ጁላይ 2017» ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። መስተዋድዱ ልክ ሆኖ ዓመቱ የተሳሳተ ሰነድ ብዙ ነው።

አራዳ ደሴ፦
እኔ አስጎብኚዎችንና የሆቴል እንግዳ ተቀባዮችን ነው የማሠለጥነው። አቅጣጫ ላይ የሚያስቸግረን ቃል «ፊት ለፊት» ነው።

«ሆቴሉ ከባንኩ ፊት ለፊት ነው» ስንል አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ተሻግሮ ማለታችን ነው። «ኢን ፍሮንት ኦፍ ዘ ባንክ» ከተባለ ግን እንግዳው ባንኩ ደጃፍ ላይ፣ እዚያው ጎን ይፈልጋል። «መንገድ ተሻግሮ» የሚለውን ጨምሩበት፤ ካስኬደ «ኦፖዚት ዘ ባንክ» በሉ፣ አሜሪካኖች «አክሮስ ዘ ስትሪት ፍሮም ዘ ባንክ» ይላሉ። «ኦፖዚት» ላይ «ቱ» ወይም «ኦፍ» ጨምሮ ማስረዘም አያስፈልግም። ባንኩ በር ላይ ለቆመ ባጃጅ ግን «ኢን ፍሮንት ኦፍ» ልክ ነው። ስለዚህ የልጁ ትምህርት ቤት «ኦፖዚት ዘ ባንክ» ነው።

ደሴ ተዳፋት ከተማ ስለሆነች «አፕ» እና «ዳውን» በየቀኑ ያስፈልጋሉ። ወደ ጦሳ ተራራ መውጣት «ጎ አፕ»፣ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ መውረድ «ጎ ዳውን ቱ ኮምቦልቻ»። ከተማዋ የተቀመጠችበትን ለመግለጽ «ደሴ ኢዝ አት ዘ ፉት ኦፍ ማውንት ጦሳ»።

አካባቢን ስንገልጽ ውስጥና ውጭ ይለያል። ደሴ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሆነች «ኢን ዘ ኖርዝ ኦፍ ኢትዮጵያ» ወይም «ኢን ኖርዘርን ኢትዮጵያ»። ኮምቦልቻ ግን ደሴ ውስጥ አይደለችም፤ «ኢን ዘ ሳውዝ ኢስት ኦፍ ደሴ» ካልን የደሴ አንድ ሰፈር አደረግናት። «ቱ ዘ ሳውዝ ኢስት ኦፍ ደሴ» ወይም በአጭሩ «ሳውዝ ኢስት ኦፍ ደሴ» ይባላል። ሐይቅ እስጢፋኖስን ስታስጎበኙ ደግሞ ገዳሙ ወደ ውሃው የገባ ልሳነ ምድር ላይ ስለሆነ «ኦን ኤ ፔኒንሱላ ኢን ሌክ ሐይቅ» ነው፤ በአንድ ሐረግ «ኦን»ም «ኢን»ም አለ። ሐይቁ ዳር ያለ ምግብ ቤት «ባይ ዘ ሌክ» ወይም «ኦን ዘ ሾር»። «ኢን ዘ ሌክ» ብቻውን ከተባለ ግን ውሃው ውስጥ ማለት ነው።

ፎቅ ሁሌም «ኦን» ነው። ቁጥሩ ላይ የእኛ አቆጣጠር ከእንግሊዞቹ ጋር ይገጥማል፤ ከምድር ቤቱ በላይ ያለው «ኦን ዘ ፈርስት ፍሎር» ነው። አሜሪካዊ እንግዳ ያንኑ «ሰከንድ» ይለዋል፤ ስለዚህ የክፍሉን ቁጥር አብራችሁ ንገሩት።

መኪና ላይ፦ ባጃጅ፣ ታክሲና የቤት መኪና «ኢን»፤ አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን «ኦን»። ቆሞ መራመድ የሚቻልበት «ኦን» ነው ብላችሁ አስተምሯቸው። ብስክሌትና ፈረስ ከላይ ስለሚኮን «ኦን» ናቸው።

ሰኞ ገበያ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ ብዙ አገኘሁ። «ሲንስ ፋይቭ ይርስ» እና «ኢዝ ፋውንድ» ቀሩ።

የጦሳ ግርጌ፦
«ሲንስ» የሚከተለው መነሻ ነው፤ የሚጠራ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ወይም ክስተት። «ፎር» የሚከተለው የሚቆጠር ርዝመት ነው። «ከ5 ዓመት ጀምሮ» የሚለው አማርኛችን ርዝመቱን እንደ መነሻ አድርጎ ስለሚያቀርበው ልጁ ተሳሳተ። «5 ዓመት ሆነኝ» ብሎ ይቀይረውና ይተርጉም፤ ያኔ «ፎር» ይመጣለታል። ግሱም አብሮ ይቀየራል፤ «አይ ሊቭ» ሳይሆን «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ደሴ ፎር ፋይቭ ይርስ»። ድርጊቱ አሁንም ስለቀጠለ ነው።

«ኢዝ ፋውንድ» ከ«ይገኛል» በቀጥታ የመጣ ነው። በሰዋስው አይወድቅም፤ ግን እንግሊዝኛ ይህን ለማዕድን፣ ለእንስሳና ለዕፅዋት ነው የሚያዘወትረው። ለከተማ «ኢዝ ኢን» ይበቃል።

ሐረጎ፦
በ«ስለ»፣ በ«ከ» እና በ«ወደ» የሚመጡትንም አትርሱ። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ብለን «ዲስከስድ አባውት» እንላለን፤ «ዲስከስ» ምንም አይፈልግም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ከሚለው አነጋገር «ማሪድ ዊዝ» ይመጣል፤ «ማሪድ ሄር» ወይም «ኢዝ ማሪድ ቱ ሄር» ነው። «ወደ ክፍሉ ገባ» «ኢንተርድ ዘ ሩም»፣ ያለ «ቱ»። «ወደ ቤት ሄደ» «ዌንት ሆም»፤ ግን «ዌንት ቱ ስኩል»። የቅዳሜና እሁዱ «አት ዘ ዊከንድ» የእንግሊዝ፣ «ኦን ዘ ዊከንድ» የአሜሪካ ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ይዘው ይዝለቁ።

የጦሳ ግርጌ፦
ለአሠራሩ የምመክረው ይህን ነው። በሳምንት አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ያዢ። የመጀመሪያው ሳምንት «ባለፈው፣ በሚቀጥለው፣ በዚህ፣ በየ»፤ ሁለተኛው «እስከ»፤ ሦስተኛው «ላይ»፤ አራተኛው «በ» ከሰዓትና ከመጓጓዣ ጋር። «ላይ»ን ለመጀመሪያ አታድርጊው፤ መልሱ ሦስት ስለሆነ በራስ መተማመናቸውን ያወርደዋል። «ባለፈው» አንድ መልስ ብቻ ስላለው ወዲያው ውጤት ያዩበታል።

በክፍለ ጊዜው 12 የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። መጀመሪያ እንግሊዝኛ ሳይነኩ በአማርኛ ይለዩ፤ «እስከ»ን ከያዝሽ ስድስቱ «ሳያልፍ» የሚቀበሉ፣ ስድስቱ የማይቀበሉ ይሁኑ። 10 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ይተርጉሙ። በመጨረሻ ባለፈው ሳምንት የጻፉትን የራሳቸውን አንቀጽ መልሰሽ ስጫቸውና የዚያን ሳምንት ቃል ብቻ ያድኑ፤ ሌላውን ስህተት እያዩ ይለፉት። ሁሉንም በአንዴ አርሙ ከተባሉ አንዱንም አያዩትም።

ደብተራቸው ላይም «ኢን» ብለው ብቻውን አይጻፉ። ቃሉ ከነጎረቤቱ ይጻፍ፦ «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ «አት ናይት»፣ «ኦን ዘ ዌይ»፣ «ኦን ፉት»።

ሰኞ ገበያ፦
የልጁን አንቀጽ በነገራችሁኝ አርሜዋለሁ፣ ተመልከቱልኝ፦

«ደሴ ኢዝ ኢን ኖርዘርን ኢትዮጵያ። አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ደሴ ፎር ፋይቭ ይርስ። ማይ ስኩል ኢዝ ኦፖዚት ዘ ባንክ። ላስት ሰንደይ ዊ ዌንት ቱ ሐይቅ ባይ ባስ። ዊ አራይቭድ አት ዘ ሌክ አት ቴን ኦክሎክ። ዌን ዊ ካም ባክ፣ አወር ቲቸር ቶልድ አስ ቱ ራይት ኤ ሪፖርት ባይ ፍራይደይ።»

አንድ ልጅ ደግሞ «ዊ አራይቭድ ኦን ታይም» ሲል ሌላው «ኢን ታይም» ነው ብሎ ተከራከሩ። የቱ ነው?

ሐረጎ፦
አንቀጹ ንጹሕ ነው። ሁለቱም ይባላሉ፤ ልዩነት ግን አላቸው። አውቶቡሱ የሚነሳው 12 ሰዓት ነው ተብሎ 12 ሰዓት ከተነሳ «ዘ ባስ ሌፍት ኦን ታይም»፣ በሰዓቱ። ተሳፋሪው ሩብ ጉዳይ ደርሶ ቲኬቱን ቆርጦ ሻንጣውን ካስጫነ «ሂ አራይቭድ ኢን ታይም ፎር ዘ ባስ»፣ ሳያመልጠው ደረሰ። በአማርኛ «ሳያመልጠው» ማለት ከቻሉ «ኢን» ይጻፉ።